በጽኑ ሕሙማን ክፍል ዘመድ ሲተኛ፦ ቤተሰብ ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች

አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ቤተሰብ ጥያቄው ብዙ ነው። የሚመልስለት ሰው ግን በቀላሉ አያገኝም። ውስጥ ያለነው ባለሙያዎች ጨክነን አይደለም። የሰው ኃይል ያንሳል፣ ሥራው ያጣድፋል፣ አንዳንዴም ከየት መጀመር እንዳለብን ይቸግረናል። ከዚህ በታች ያሉት አስታማሚዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹን የጻፍኩት ከአንድ እምነት ተነስቼ ነው፦ አስታማሚ የሕክምናው አካል ነው። በቂ መረጃ ያገኘና አልጋው አጠገብ ቦታ የተሰጠው ቤተሰብ ለሕመምተኛውም ለሐኪሙም ይጠቅማል።

አይሲዩ ገባ ማለት አበቃለት ማለት ነው?

አይደለም። ድኖ የሚወጣው ብዙ ነው። አይሲዩ የሚገባው ሳንባው፣ ልቡ፣ ኩላሊቱ ወይም አንጎሉ ለጊዜው ድጋፍ የሚፈልግና በየደቂቃው መታየት ያለበት ሰው ነው። ከከባድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚገባም አለ።

ክፍሉ ራሱ የተፈጠረው ሰው ለማትረፍ በተደረገ ርብርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ከባድ የፖሊዮ ወረርሽኝ ገባ። ሕመሙ የመተንፈሻ ጡንቻን ሽባ እያደረገ ሰው ይገድል ነበር። ቢዮርን ኢብሰን የሚባል የማደንዘዣ ሐኪም ጉሮሮ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ቱቦ አስገብቶ አየር በእጅ እየተጨመቀ እንዲሰጥ አደረገ። በቂ የመተንፈሻ ማሽን ስላልነበረ የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ ቀንና ሌሊት ሲጨምቁ ከረሙ። ብዙ ሰው ተረፈ። ያ ልምድ ነው በማግስቱ ዓመት መጨረሻ ላይ እዚያው ከተማ ለመጀመሪያው የጽኑ ሕሙማን ክፍል መከፈት መንገድ የጠረገው። እኛ ዘንድም ማሽን ሲጠፋ ዘመድ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት) እየጨመቀ የሚያድርበት ጊዜ አለ። ይህን የሚያደርግ ሰው የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም ተብሎ በር ላይ ሲቆም ያሳዝነኛል።

ለምን እንደ ልባችን አያስገቡንም?

ብዙውን ጊዜ ሦስት ምክንያት ይነገራችኋል፦ ኢንፌክሽን፣ የቦታ ጥበትና የሥራ መስተጓጎል። ጥበቱ እውነት ነው። በሁለት አልጋዎች መካከል አንድ ሰው በቅጡ በማይዞርበት ክፍል ዘመድ አዝማድ ሁሉ ልግባ ቢል ነርሷ መድኃኒት መስጠት አትችልም። ኢንፌክሽኑ ግን ከሚፈራው ያነሰ ነው።

ብራዚል ውስጥ በ36 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት አለ። አንዳንዶቹ ክፍሎች ቤተሰብ በቀን እስከ 12 ሰዓት ድረስ እንዲቆይ ፈቀዱ፤ ቤተሰቡም አስቀድሞ አጭር ትምህርት ተሰጠው። ከተለመደው አጭር ጉብኝት ጋር ሲነጻጸር ኢንፌክሽን አልጨመረም። የሠራተኛውም ድካም አልባሰም። ተመራማሪዎቹ ተስፋ ያደረጉት የሕሙማኑ መቀባዠር ይቀንሳል ብለው ነበር፤ ያ አልሆነም። የቤተሰቡ ጭንቀትና ድብርት ግን ቀነሰ።

ስለዚህ አንድ ሰው አልጋው አጠገብ ረዘም ላለ ሰዓት እንዲቀመጥ መፍቀድ ይቻላል ባይ ነኝ። አንድ ሰው ማለቴን ልብ በሉልኝ። እኛ ስንታመም ጠያቂያችን ብዙ ነው፤ ይህ ጸጋ ነው። ግን ጎረቤቱም የዕድር አባሉም የሥራ ባልደረባውም አልጋው ድረስ መድረስ የለበትም። ተራ አውጡ። ጉንፋን የያዘው፣ የሚያስለው፣ ተቅማጥ ያለበት ሰው ውጭ ይጠብቅ። የሚገባው ሰው ሲገባም ሲወጣም እጁን ያጽዳ፦ በአልኮል ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና ሳሙና ከሆነ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ። በአልኮል ሲሆን እስኪደርቅ ማሸት ነው። ቀለበትና ሰዓት አውልቁ።

ገብቼ ምን ላድርግ? ማውራት እችላለሁ? መንካትስ?

ሁለቱንም ትችላላችሁ። መጀመሪያ ግን የምታዩት ነገር እንዳያስደነግጣችሁ ልንገራችሁ። የሕመምተኛው ፊት አብጦ ሊሆን ይችላል፤ በደም ሥር ብዙ ፈሳሽ ስለሚገባ ነው። የመተንፈሻው ቱቦ ከከንፈሩ ጥግ ወጥቶ በፕላስተር ጉንጩ ላይ ተጣብቋል። ድምፅ የለውም፤ ቱቦው በድምፅ አውታሮቹ መካከል ስለሚያልፍ መናገር አይችልም። የአልጋው ራስጌ ከፍ ብሏል፤ ከሆድ የሚመለስ ነገር ሳንባ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ከአልጋው ሥር የሽንት ከረጢት ተንጠልጥሏል። ጉልበታችሁ ቢከዳችሁ አይደንቅም። ወንበር ጠይቁና ቁጭ በሉ። ራሱን ስቶ የሚወድቅ አስታማሚ ብዙ ነው።

ከዚያ ቤት ውስጥ በምትጠሩት ስም ጥሩት። ማን እንደሆናችሁ፣ የት እንዳለ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ ንገሩት። «አባዬ፣ እኔ ነኝ፣ ትንሿ ልጅህ። ሆስፒታል ነህ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ነው። የጉሮሮህ ቱቦ ለመተንፈስ እንዲረዳህ ነው፣ ለጊዜው ነው።» ይህን ስትመጡ ሁሉ ድገሙት። መልስ ባይሰጥም ይሰማ ይሆናል ብላችሁ አውሩ። ከአይሲዩ የወጡ ሰዎች ተኝተው ሳለ የሰሙትን ሲያወሩ መስማት የተለመደ ነው። ስለዚህም አልጋው አጠገብ ስለ ገንዘብ ጭቅጭቅ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ «ተስፋ የለውም» አታውሩ።

እጁን ያዙ፤ መርፌና ሽቦ የሌለበት የትኛው እንደሆነ ነርሷን ጠይቁ። ከንፈሩን እርጥብ በሆነ ጥጥ ማራስ፣ ፊቱን ማበስ፣ ፀጉሩን ማበጠር፣ ቅባት መቀባት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ። እግር ማሸት ከፈለጋችሁ ግን ሳትጠይቁ አትጀምሩ፤ በእግር ውስጥ የረጋ ደም ካለ አደገኛ ነው። መነጽር የሚያደርግ ከሆነ መነጽሩን አምጡ። የመስሚያ መሣሪያ ካለውም እንዲሁ። ይህ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነገር ነው። የማያይና የማይሰማ ሰው ቶሎ ግራ ይጋባል።

ለምን ያስተኙታል? ለምንስ እጁን ያስራሉ?

ቱቦ ጉሮሮ ውስጥ መያዝ ያማል፣ ያስጨንቃል። ማስታገሻና ማደንዘዣ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ድሮ ሕመምተኛው ጸጥ ብሎ እስኪተኛ ድረስ ማደንዘዝ ጥሩ ሕክምና ይመስል ነበር። አሁን አስተሳሰቡ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ማደንዘዣው በየቀኑ ተቋርጦ እንዲነቁ የተደረጉ ሕሙማን በማሽን የቆዩበትን ጊዜ ከሌሎቹ ጋር አወዳደረ። ከማሽን የወጡት በ4.9 ቀን ሲሆን ሌሎቹ በ7.3 ቀን ነበር። ስለዚህ ሐኪሙን «ዛሬ ማደንዘዣው ይቀነሳል ወይ? ራሱ ይተነፍስ እንደሆነ ትሞክራላችሁ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳንዴ መቀነስ የማይቻልበት ምክንያት አለ፤ ይነግሯችኋል።

እጁ የሚታሰረው ቱቦውን እንዳይነቅል ነው። ማንም ወዶ አያስርም። ነገር ግን መታሰር ራሱ ሰውን ያስፈራዋል፣ ያናድደዋል። አንድ ዘመድ አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ከያዘና ቢነሳ ነርሷን ቶሎ ከጠራ ብዙ ጊዜ መፍታት ይቻላል። ይህን አስታማሚው ራሱ ቢያቀርበው ደስ ይለናል።

ዘመዴ ነቅቷል፣ ግን ይቀባዥራል። አእምሮው ተነክቷል?

አስታማሚን ከሞት ቀጥሎ የሚያስደነግጠው ይህ ይመስለኛል። ሰውዬው ሚስቱን ያባርራል። ነርሶቹ ሊገድሉኝ ነው ይላል። ግድግዳው ላይ ሰው ያያል። የሞተ ወንድሙን ይጠራል። ቤተሰብ ደንግጦ መንፈስ ያዘው ብሎ ያስባል፤ ወይም ዳግመኛ እንደማይመለስ ይደመድማል።

በሕክምናው ዴሊሪየም የሚባለው ነው። በከባድ ሕመም፣ በኢንፌክሽን፣ በአንዳንድ መድኃኒቶች፣ በእንቅልፍ እጦት ምክንያት አንጎል ለጊዜው ሥራው ሲዛባ የሚመጣ ነው። በማሽን ከሚተነፍሱት መካከል እጅግ ብዙዎቹን ይነካል። አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ሲሻል ይለቃል። ጸሎታችሁን ጸልዩ፣ ግን ለነርሷም ንገሩ።

አንድ ልትጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ሁሉም አይጮህም። ዝም ብሎ የሚተኛ፣ ሲያናግሩት ዓይኑ የሚንከራተት፣ «ተሻለው፣ ተረጋጋ» የሚያሰኝም አለ። ይህኛው ዓይነት በቀላሉ ሳይታወቅ ያልፋል። ነርስ ለመመርመር ቀላል ዘዴ አላት፦ ፊደላት እየጠራች አንድ የተወሰነ ፊደል ሲሰማ እጇን እንዲጨብጥ ትጠይቀዋለች። እናንተ ግን ከማንኛውም ምርመራ በፊት ታውቃላችሁ። «ይህ የእኔ ባል አይደለም፤ እንዲህ አያወራም» ስትሉ የምንሰማችሁ መሆን አለበት።

እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? አትከራከሩት። «ማንም የለም፣ አበድክ እንዴ» አትበሉት። በለሰለሰ ድምፅ የት እንዳለ ንገሩት። የሚወደውን መዝሙር ወይም የቁርኣን ቅጂ በዝቅተኛ ድምፅ በስልክ አሰሙት። ቀን ብርሃን እንዲያይ፣ ሌሊት እንዲጨልምለት ጠይቁ። የልጆቹን ፎቶ በሚታይ ቦታ አስቀምጡ።

ሞኒተሩ (የልብ ምትና ትንፋሽ የሚያሳየው ማሽን) ሲጮህ መደናገጥ አለብኝ?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። ሽቦ ሲላቀቅ፣ ሲያስል፣ ሲገላበጥ ይጮሃል። ነርሶቹ የትኛው ድምፅ እንደሚያስሮጥ ያውቃሉ። እናንተ ሰውዬውን እዩ እንጂ ቁጥሩን አትቁጠሩ። መልኩ ሲለወጥ ወይም ትንፋሹ ሲያጥር ካያችሁ ግን ሳትሸማቀቁ ነርሷን ጥሩ።

ትንሽ አጥሚት ወይም ጸበል ባቀምሰውስ?

በአፍ ምንም አትስጡ፤ ሳትጠይቁ። ቱቦ ያለው ሰው መዋጥ አይችልም። ቱቦው ከወጣም በኋላ ለጥቂት ቀናት መዋጥ ሊያቅተው ይችላል። በማንኪያ የተሰጠች አጥሚት ወደ ሳንባ ገብታ የሳንባ ምች ልታስከትል ትችላለች። ምግቡን በአፍንጫ ቱቦ በሐኪሙ መጠን ያገኛል። በብዙ ሆስፒታሎች ይህን ምግብ ቤተሰብ አዘጋጅቶ እንዲያመጣ ይጠየቃል። እንዲህ ከሆነ ምን ዓይነት፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት ልዩነት እንደሆነ በወረቀት አጽፉ። ወፍራም ከሆነ ቱቦውን ይደፍነዋል፤ በደንብ አጥልሉት።

ጸበል፣ እምነት፣ ዘምዘም ለብዙ ቤተሰብ ከመድኃኒት አይተናነስም። ይህን መናቅ አስታማሚውን መናቅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ግንባሩንና እጁን በጥቂቱ ማራስ፣ መስቀል ማሳረፍ፣ ዱዓ ማድረግ ይቻላል። ቁስል፣ የመርፌ ቦታና የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ እንዳይነካ ብቻ ነርሷን አሳዩአት። ተደብቃችሁ ከምታደርጉት ነግራችሁን ብታደርጉት ይሻላል።

ሐኪሙ ሁሌም ይቸኩላል። ማንን፣ መቼ፣ ምን ልጠይቅ?

በመጀመሪያ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ምረጡ። ከሐኪሙ ጋር የሚያወራው፣ ለሌላው የሚያስተላልፈው እሱ ወይም እሷ ትሁን። አምስት ሰው ለየብቻ ሲጠይቅ አምስት ዓይነት መልስ የሰማ ይመስለዋል፤ ከዚያ ጠብ ይነሳል። የተመረጠው ሰው ደብተር ይያዝ።

ከዚያ ቀጠሮ ጠይቁ። «ዶክተር፣ ዛሬ ወይም ነገ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን እንነጋገር?» በኮሪደር በቁም የሚሰጥ መልስ አይያዝም። ስትቀመጡ ይህን ጠይቁ፦ ትልቁ ችግር ምንድን ነው? ከትናንት ዛሬ ተሻለ ወይስ ባሰ? በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት ምን ትጠብቃላችሁ? ምን ያሰጋችኋል? ሲጨርስ የሰማችሁትን መልሳችሁ ንገሩት፤ ተሳስታችሁ ከሆነ ያርማችኋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ፈረንሳይ ውስጥ በ22 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የተሠራ ጥናት ስለዚህ ብዙ አስተምሮኛል። ሊሞቱ በተቃረቡ ሕሙማን ቤተሰቦች ላይ ነው የተሠራው። በአንደኛው ወገን እንደተለመደው ስብሰባ ተደረገ። በሌላው ወገን ሐኪሞቹ ቤተሰቡን እንዲያዳምጡ፣ ሐዘኑን እንዲቀበሉ፣ ሰውዬው ማን እንደነበረ እንዲጠይቁ ሆነ፤ አንድ ማብራሪያ ጽሑፍም ተሰጠ። ስብሰባው የረዘመው ከ20 ደቂቃ ወደ 30 ደቂቃ ብቻ ነው። ቤተሰቡ የተናገረበት ጊዜ ግን ከ5 ደቂቃ ወደ 14 ደቂቃ አደገ። ከ90 ቀናት በኋላ ከከባድ ድንጋጤ በኋላ በአእምሮ የሚቀር ጠባሳ ምልክት ያለባቸው ዘመዶች በአንደኛው ወገን 69 በመቶ ሲሆኑ በሌላው ወገን 45 በመቶ ነበሩ። አሥር ደቂቃ ተጨመረ፤ ሐኪሙም ዝም ብሎ አዳመጠ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ለእናቱ እንንገር ወይስ እንደብቅ?

መርዶ በሥርዓት የሚነገርበት አገር ልጆች ነን። ሰው እንዳይሰበር፣ ብቻውን እንዳይሰማ፣ በሌሊት እንዳይደነግጥ እንጠነቀቃለን። መልካም ነው። ችግሩ ይህን ጥንቃቄ ሰውዬው በሕይወት ሳለ ስንጠቀምበት ነው። ወንድም ያውቃል፣ አጎት ያውቃል፣ እናት ግን «ደህና ነው፣ ተሽሎታል» እየተባለች ትቆያለች። ከዚያ ልጇ ይሞትና ሳትሰናበተው ትቀራለች። ይህ ሐዘን ዕድሜ ልክ ይከተላል። «ነግራችሁኝ ቢሆን» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

እኔ የምመክረው ደረጃ በደረጃ መንገርን ነው። መጀመሪያ የምታውቀውን ጠይቋት። «እማዬ፣ ምን ሰማሽ?» ብዙ ጊዜ እናት ከምንገምተው በላይ ታውቃለች። ከዚያ «ሕመሙ ከብዷል፣ ሐኪሞቹም ሰግተዋል» ማለት ይበቃል። ሙሉ ዝርዝር አያስፈልግም። ውሸት ግን አትንገሯት፤ ገብታ እንድታየውም አድርጉ።

ሕመምተኛው ራሱ ነቅቶ ከሆነ የእሱን ፍላጎት ጠይቁ። የሚወራው ስለ ራሱ አካል ነው። በቱቦ ምክንያት መናገር ካልቻለ ሰሌዳ ስጡት። ወረቀት ላይ ትላልቅ ሥዕልና ቃል ሠርታችሁ አምጡ፦ ያመኛል፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ አገላብጡኝ፣ ልጆቼ የት ናቸው፣ ቄስ ወይም ሼህ ጥሩልኝ። በጣቱ ያሳያችኋል።

መድኃኒት ከውጭ ግዙ እያሉን ነው። አልቻልንም።

የሁሉም ሰው ጭንቀት ይህ ነው። አታፍሩ። የታዘዘውን ሁሉ ከመሮጣችሁ በፊት «የትኛው ዛሬ ማታ የግድ ነው? የትኛው እስከ ነገ ይቆያል? እዚህ ፋርማሲ ያለ ሌላ ምትክ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ደረሰኝና ማዘዣ በአንድ ፖስታ አስቀምጡ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ካርድ ካላችሁ የሪፈር ወረቀቱ መሟላቱን በመጀመሪያው ቀን አረጋግጡ፤ በኋላ ማስተካከል ይከብዳል። ሆስፒታሉ ሶሻል ወርከር (የማኅበራዊ ድጋፍ ባለሙያ) ካለው በጊዜ አግኙት፤ ገንዘብ ካለቀ በኋላ ሳይሆን። ከማይታወቅ ሰው እጅ መድኃኒት አትግዙ። ቀዝቃዛ ቦታ የሚቀመጥ መድኃኒት ከሆነ ከበረዶ ጋር ይዛችሁ ኑ።

ለባልደረቦቼ ደግሞ፦ ለአስታማሚ ስድስት መድኃኒት የተጻፈበት ወረቀት ሰጥቶ ያለ ማብራሪያ መላክ ልክ አይደለም።

ሐኪሞቹ ብዙ ተስፋ የለም ካሉስ?

ያን ጊዜ ሕክምናው አያልቅም፤ ዓላማው ይቀየራል። ሕመም እንዳይሰማው፣ ትንፋሹ እንዳያስጨንቀው፣ ብቻውን እንዳይሆን ማድረግ ሕክምና ነው። የመጠየቂያ ሰዓት የሚባለው ገደብ በዚህ ጊዜ መነሳት አለበት። ቄስ ገብቶ ይጸልይ፣ የንስሐ አባት ይጠራ፣ ቀንዲል ይደረግለት። ሙስሊም ከሆነ ሸሃዳ በጆሮው ይባልለት፣ ያሲን ይቀራለት፣ ከተቻለ ፊቱ ወደ ቂብላ ይዙር።

ካናዳ ውስጥ ሃሚልተን ከተማ የአንድ ሆስፒታል ባለሙያዎች ለሚሞት ሰውና ለቤተሰቡ ሦስት ምኞት የመፈጸም ሥራ ጀመሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ምኞቶቹ አብዛኞቹ ቀላል ናቸው፦ የሚወደውን ሙዚቃ መስማት፣ ቤተሰብ አብሮ መብላት፣ የራሱን ብርድ ልብስ መልበስ። እኛ ዘንድ ምኞቱ ሌላ ይሆናል። አንዷ የእናቷን ነጠላ ታለብሳታለች፣ ሌላው ከገጠር ሊደርስ ያልቻለ ወንድሙን በስልክ ያሰማዋል። ጠይቁን። እኛም ልንጠይቃችሁ ይገባል።

ልብ ሲቆም በሚደረገው ርብርብ ጊዜ መገኘት ይቻል እንደሆነም ትጠይቁ ይሆናል። በፈረንሳይ በ570 ዘመዶች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት አለ። ርብርቡ የተደረገው ቤት ድረስ በመጡ የድንገተኛ ሕክምና ቡድኖች ነበር። መገኘት እንደሚችሉ የተነገራቸው ዘመዶች በኋላ የድንጋጤው ጠባሳ አነሰላቸው፤ ሥራውንም አላስተጓጎሉም። ሁሉም ሰው ማየት አለበት አልልም። የፈለገ ሰው ግን አጠገቡ የሚያስረዳው አንድ ባለሙያ ተመድቦለት ቢቆም ጥሩ ነው።

ዳነ፣ ወጣ። ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ለምን?

ከአይሲዩ የሚወጣ ሰው እግሩ ይከዳዋል፣ ይረሳል፣ ሌሊት ይባንናል፣ ይቆጣል፣ ያለቅሳል። ሰው «ድኖ ተመስገን አይልም?» ይለዋል። ይህ ውለታ ቢስነት አይደለም። በአሜሪካ የጽኑ ሕክምና ባለሙያዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 በጠራው ስብሰባ ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ስም ሰጡት፦ ከጽኑ ሕክምና በኋላ የሚመጣ የአካል፣ የአእምሮና የስሜት መጎዳት። ወራት ሊቆይ ይችላል፤ አንዳንዱ ላይ ዓመታት።

መከላከሉ የሚጀምረው እዚያው አልጋው ላይ ነው። ቶሎ ማንቃት፣ ቶሎ ማንቀሳቀስ። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በማሽን ላይ እያሉ ገና ከጅምሩ እንቅስቃሴ የተደረገላቸው ሕሙማን ከሆስፒታል ሲወጡ 59 በመቶዎቹ ራሳቸውን ችለው ነበር፤ ከሌሎቹ 35 በመቶ ብቻ። አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ ትልቅ ድል ነው። ከአቅም በላይ መግፋት ግን አይጠቅምም፤ ልኩን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ይንገራችሁ።

ማስታወሻ ደብተር ሌላው ነገር ነው። ስካንዲኔቪያ ውስጥ ነርሶች ለተኛው ሰው ማስታወሻ ይጽፋሉ፤ ቤተሰብም ይጨምርበታል። ምሳሌ ልስጣችሁ፦ «ማክሰኞ። ዛሬ ማደንዘዣው ተቀነሰ። ዓይንሽን ገለጥሽ። እህትሽ ሹሩባሽን ፈትታ አበጠረችልሽ። ቱቦውን ልትነቅዪ ስለሞከርሽ እጅሽን ይዘንሽ ነበር፤ የታሰርሽ መስሎሽ ፈርተሻል።» ሰውየው ሲድን ያነበዋል፤ ቅዠቱንና እውነቱን ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአውሮፓ የተሠራ ጥናት ከድንጋጤ ጠባሳ እንደሚከላከል አሳየ፤ በ2019 ፈረንሳይ የተሠራው ግን ልዩነት አላገኘም። እኔ አሁንም ጻፉ እላለሁ። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ ነው ወጪው፤ ለአስታማሚውም እጁ የሚሠራው ነገር ይሰጠዋል።

አስታማሚውስ?

ብሉ። ተኙ። በፈረቃ ግቡ። ዕድራችሁና ጎረቤታችሁ ምን ላግዝ ሲሏችሁ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ነን» አትበሉ። ሌሊት የሚያድር ሰው፣ ምሳ የሚያመጣ ሰው፣ ልጆች ከትምህርት ቤት የሚያወጣ ሰው ስጡን በሉ። ከወራት በኋላም እንቅልፍ እምቢ ካላችሁ፣ የማሽኑ ድምፅ በጆሯችሁ ከቀረ፣ ለራሳችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ክፍሉን ማሻሻል የምንፈልግ ባለሙያዎች በጀት ሳንጠብቅ ከየት እንጀምር?

ሕመምን መለካት፣ በየቀኑ ማንቃትና ትንፋሽ መሞከር፣ ማደንዘዣ መምረጥ፣ መቀባዠርን መፈተሽ፣ ማንቀሳቀስ፣ ቤተሰብን ማሳተፍ። እነዚህ ስድስቱ አንድ ላይ የሚሄዱ ናቸው። በ68 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ከ15,000 በላይ ሕሙማን ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ስድስቱ በተሟሉ መጠን ሞት፣ ማሽን ላይ መቆየት፣ መቀባዠርና እጅ ማሰር አብረው እንደቀነሱ አሳይቷል። ሁሉንም በአንድ ቀን አትችሉም። አንዱን ጀምሩ።

የእኔ ምርጫ ስልክ ነው። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት፣ እንበል ራውንድ (ሐኪሞች ሕሙማኑን በየአልጋው የሚያዩበት ዙር) እንዳለቀ፣ አንድ ነርስ ወይም ሐኪም ለተመረጠው ዘመድ ይደውል ወይም በሩ ላይ ያናግረው። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ቤተሰቡ መልስ እንደሚያገኝ ካወቀ በር አይደበድብም። ቀጥሎ ወንበር፦ በየአልጋው አንድ። ቀጥሎ ሌሊት መብራት መቀነስና ድምፅ ዝቅ ማድረግ፤ እኛም ሌሊት ጮክ ብለን እናወራለን። ከአልጋው በላይ ወረቀት ለጥፉ፦ ምን ተብሎ መጠራት ይወዳል? ሥራው ምንድን ነው? ምን ያስደስተዋል? ያ ወረቀት «አልጋ ሦስት» የሚባለውን ሰው መምህር፣ አናጺ፣ የአራት ልጆች እናት ያደርገዋል።

ዘመዳችን ውጭ አገር ነው የተኛው። ቋንቋ አንችልም።

አሜሪካ ውስጥ ከሆነ የፌደራል ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል፣ ማለትም አብዛኛው ሆስፒታል፣ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። መሠረቱ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና የ2010ሩ የጤና ሕግ ናቸው። «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ በስልክ ወይም በቪዲዮ ያመጣሉ። እንግሊዝኛ የሚችለውን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃችሁን አታስተርጉሙት። የአባቱን ሞት ለእናቱ የሚናገር እሱ መሆን የለበትም። ከድንገተኛ ጊዜ በቀር ሕጉም አይፈቅድም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ልጆቻችን ብዙ ጊዜ አልጋቸው አጠገብ ማንም የላቸውም። የምታውቁት ሰው እዚያ ካለ ሆስፒታሉን በቪዲዮ ወይም በድምፅ እናገናኝ ብሎ ይጠይቅላችሁ። የእናት ድምፅ የተቀዳበት አጭር መልእክት ልካችሁ ነርሷ ስልኩን ጆሮው አጠገብ እንድታደርግለት ለምኑ። ትርጉሙ ለነርሷ ባይገባትም ለተኛው ሰው ይገባዋል።